ኢትዮጵያና ኬንያ በበረዶ ላይ
ተከታታይ እውነተኛ ታሪክ

ክፍል አንድ፦ ከባንዲራው ኋላ

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት፣ ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ካፖርቱን ተጠቅልሎ የአገሮቹን ሰልፍ ያያል። የትልልቆቹ አገሮች ባንዲራ ባለፈ ቁጥር ከኋላው የሰው ጎርፍ ይከተላል፤ ተወዳዳሪው፣ አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ ወጌሻው። በመካከሉ የድምፅ ማጉያው «ኢትዮጵያ» አለ።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብቅ አለ። ከኋላው ሌላ ተወዳዳሪ የለም። ባንዲራውን የያዘው ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። የሚወዳደረውም እሱ ነው። የኢትዮጵያን የስኪ ፌዴሬሽን ያቋቋመውም እሱ ነው። አገራችን በክረምት ኦሎምፒክ ስትሰለፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህን ታሪክ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ፣ ጀበና ቡና ከሚሸጥበት ቤት ቁጭ ብዬ ስጀምር፣ አጠገቤ የነበረ የታክሲ ረዳት ስኒውን አስቀምጦ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በረዶ ላይ ማለት እንዴት ነው? ሜዳው በረዶ ሆኖ?»

«ሜዳውም፣ ዳገቱም፣ ቁልቁለቱም። እግርህ ላይ ከቁመትህ የሚረዝም ቀጭን ሸርተቴ ታስራለህ፣ በሁለት እጅህ ዱላ ትይዛለህ፣ ከዚያ በጫካ ውስጥ ትነዳዋለህ።»

«ስንት ኪሎ ሜትር?»

«አሥራ አምስት።»

«ታዲያ እሱማ የኛ ነው!» አለ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስኪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከተራራ አናት ቁልቁል የሚወረወር ሰው ነው። አገር አቋራጭ ስኪ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚጠይቀው ሳንባና ልብ ነው፤ ዳገቱን በእግርም በክንድም ትገፋዋለህ፣ ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ታርፋለህ፣ እንደገና ዳገት። በትንፋሽ ብርታት ከዓለም ቀዳሚ የሚባሉት ስፖርተኞች ከዚህ ውድድር የሚወጡት በከንቱ አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ ተወልዶ የኬራንዮን ዳገት ደብተር ይዞ ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ልጅ የዚህ ስፖርት ግማሹ አብሮት ተወልዷል። ሌላው ግማሽ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ታሪኩም እሱ ላይ ነው።

ረዳቱ አልለቀቀኝም። «ኬንያስ? ኬንያ አልነበረችም?»

ኢትዮጵያዊ ስለ ሩጫ ሲያወራ ይህ ጥያቄ መቼም አይቀርም። ኬንያ ነበረች። ያውም ከእኛ ቀድማ ነው የገባችበት። ፊሊፕ ቦይት የተባለ የ800 ሜትር ሯጭ በአንድ የስፖርት ጫማ ኩባንያ ድጋፍ ፊንላንድ ሄዶ ስኪ ተማረና በየካቲት 1990 ዓ.ም. ጃፓን ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። የመጨረሻ ወጣ። ወርቁን የወሰደው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ግን ወደ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት አልሄደም፤ ኬንያዊው እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ቆሞ ጠበቀው፣ መስመሩ ላይም አቀፈው። ቦይት ኋላ ለወለደው ልጁ «ዴሊ» ብሎ ስም አወጣለት።

በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ ቦይት እንደገና መጥቷል። ከስምንት ዓመት በላይ የበረዶ ልምድ አለው። ውድድሩ የካቲት 10 ቀን ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር። ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ መዝገብ ላይ፣ በበረዶ!

«ማን ቀደመ?» አለ ረዳቱ።

ሮቤል ያንን በረዶ የት እንደተማረው ሳትሰማ ውጤቱን ብነግርህ ምን ይጠቅምሃል? የተማረበት ቦታ ደግሞ ለወንድና ለሴት፣ ለትልቅና ለትንሽ ትምህርት ቤት አንድ የነጥብ ሰሌዳ ያለው እንግዳ ማኅበር ነው።

ይቀጥላል

ክፍል ሁለት፦ የዓርብና የቅዳሜ ትምህርት

ሮቤል የተወለደው አዲስ አበባ ውስጥ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት በዚያው ወር። ዕድሜው አሥር ሳይሞላ፣ እናቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ ስለነበር ኒው ዮርክ ሄደ። ከዚያም በዚያው ክፍለ ግዛት በስተሰሜን፣ ሌክ ፕላሲድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ሌክ ፕላሲድ ትንሽ መንደር ናት፤ ነገር ግን የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1932ና በ1980 አስተናግዳለች። እዚያ ልጅ ስኪ የሚያስረው እዚህ ልጅ ኳስ እንደሚለጋው ነው። ሮቤልም አሰረ።

ከዚያ ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለስኪ ቡድኑ ተወዳደረ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እዚያው ኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት ውስጥ ዳርትማዝ የሚባል ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1909 ፍሬድ ሃሪስ የተባለ ተማሪ፣ ጓደኞቹ ክረምቱን ሙሉ ምድጃ አቅፈው መቀመጣቸው አንገበገበውና የተራራና የበረዶ ክበብ አቋቋመ። በ1911 የመጀመሪያው የክረምት ካርኒቫል ተደረገ። በቀን በስኪ እሽቅድምድም፣ በማታ ጭፈራ፤ በዚያ ላይ እንግዳ ተጋባዥ። የአካባቢው ኮሌጆችም አንዱ የሌላውን አይቶ የየራሱን ካርኒቫል ደገሰ። ጭፈራው ጭፈራ ሆኖ ቀረ፣ ውድድሩ ግን ሥርዓት ያዘ፣ ነጥብ ተቆጠረ፣ በመጨረሻም ዛሬ የምሥራቅ ኮሌጆች የስኪ ማኅበር የሚባለው ሆነ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ የማኅበሩ ውድድር አሁንም «ካርኒቫል» ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥርና የካቲት ሲመጣ በየሳምንቱ አንድ ኮሌጅ ይደግሳል፤ ሌሎቹ አውቶቡስ ሞልተው ይመጣሉ። ዓርብ ውድድር፣ ቅዳሜ ውድድር። በሚቀጥለው ሳምንት ድግሱ ወደ ሌላ ተራራ ይሄዳል። ወንዶችም ሴቶችም፣ ከተራራ የሚወርዱትም ጫካ የሚያቋርጡትም ይወዳደራሉ። በእያንዳንዱ ውድድር ከአንድ ኮሌጅ የተሻሉት የሦስት ሰዎች ነጥብ ይያዛል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይደመራል። አስተውሉ፦ ቁልቁለት ላይ የማለፊያ በር የሳተች ልጅ፣ ማዶ ጫካ ውስጥ ሳንባው እስኪቃጠል የሚገፋውን የቡድን ጓደኛዋን ታከስረዋለች። እሱ ደግሞ በሦስት ሰከንድ መቅደሙ እሷን ያድናታል። በግል የሚሮጥ ሰው በቡድን እንዲያስብ የሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ሌላው የገረመኝ፣ ማኅበሩ ትልቅና ትንሽ አለመለየቱ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት እንደ ተማሪው ቁጥርና እንደ ገንዘቡ በሦስት እርከን ይከፈላል። ስኪ ላይ ሲደርስ ግን እርከን የለም። ጥቂት ሺህ ተማሪ ብቻ ያላቸው ባትስ፣ ኮልቢ፣ ዊሊያምስና ሚድልበሪ ከቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ጋር በአንድ መነሻ ላይ ይቆማሉ፤ አንዳንድ ቅዳሜም ያሳፍሩታል።

ይህ ማኅበር በአገር አቀፉ የኮሌጆች ሻምፒዮና ምን አመጣ? ሻምፒዮናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ሴቶች የተቀላቀሉት በ1983። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ የምዕራቦቹ ነበር። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በጀርመን ተወላጁ ቪሊ ሼፍለር አሠልጣኝነት 13 ዋንጫ ሰብስቧል፤ ከፍ ያለ ተራራና ከኖርዌይ የሚመጣ ተማሪ ነበረው። ዴንቨር ቢያልፍ ኮሎራዶ ነው፣ ኮሎራዶ ቢደክም ዩታ። ከምሥራቅ ይህን ግንብ የሰበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ዳርትማዝ በ1958፣ በ1976 ከኮሎራዶ ጋር እኩል ወጥቶ፣ ከዚያም በ2007 አሸነፈ። ቬርሞንት በ1980፣ በ1989፣ በ1990፣ በ1992፣ በ1994 እና በ2012 ስድስት ጊዜ ወሰደው። ዳርትማዝ በዚህ ላይ የሚኮራበት ሌላ ነገር አለው፤ ከ1924 ጀምሮ ከዚያ ኮሌጅ የወጣ ሰው ያልተሰለፈበት የክረምት ኦሎምፒክ የለም።

«የሮቤል ዩኒቨርሲቲስ?» የምትሉ አላችሁ። ኒው ሃምፕሻየር ያንን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሣም። እንደ እኔ ግን ማኅበሩ የሚመሰገነው በዚህ ነው። ዋንጫ በማያነሣ ቡድን ውስጥ ያለ ወጣት ከአገሪቱ ሻምፒዮኖች ጋር በየሳምንቱ ይጋፈጣል። ቬርሞንት ዋንጫውን በሚያነሣባቸው እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ሮቤል የጎረቤቱ ተማሪ ነበር። ዓርብ ተሸንፎ ቅዳሜ እንደገና ይነሣል። አሠልጣኙ፣ አውቶቡሱ፣ ሰሙን የሚቀባለት ሰው፣ ቆሞ የሚያጨበጭብለት ጓደኛ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶለታል።

ተመረቀ። ካርኒቫሉ አለቀ። የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዤ ኦሎምፒክ እሄዳለሁ አለ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ አገርህ የስኪ ፌዴሬሽን አላት ወይ?

አልነበራትም።

ይቀጥላል

ክፍል ሦስት፦ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር

ፌዴሬሽን የሌለው ሰው ለዓለም አቀፍ ውድድር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ነጥብ አያገኝም፤ ነጥብ የሌለው ኦሎምፒክ አይገባም። የኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ኮሚቴም ለማያውቀው ስፖርት በሩን እንዲከፍት ማስረዳት ያስፈልጋል። በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ፌዴሬሽን! ያንን ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው በየደረጃው ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሚያጋጥመው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። ሮቤል አቋቋመው። በ2005 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ስም መወዳደር ጀመረ።

ልምምዱንስ? በጎማ ስኪ። ከጫፍና ከጫፉ ትናንሽ ጎማ የተገጠመለት አጭር ስኪ ነው፤ አውሮፓውያኑም በበጋ የሚሠሩት በእሱ ነው። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ፣ በሚኒባስና በአህያ መካከል፣ ሁለት ዱላ እየተከለ የሚንሸራተት ሰው! ሕዝቡ ቆሞ ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህች ከተማ እንግዳ ሠልጣኝ ብርቋ አይደለም። እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ የወታደር ትምህርት ተምሯል፤ ስድስት ወር ሊቆይ መጥቶ በሁለት ወሩ ተጠርቶ ሄደ። ዳገታችን ምን ምን እንዳላስተማረ!

አሁን ወደ የካቲት 10 እንሂድ። ቦታው ፕራጀላቶ፣ ከቱሪን በስተምዕራብ ተራራ ላይ። ውድድሩ በጥንታዊው ስልት ነው፤ ሁለቱ ስኪዎች በተቆፈረላቸው ቦይ ውስጥ ትይዩ ይሄዳሉ። የሚነሡት አንድ ላይ አይደለም። በየ30 ሰከንዱ አንድ ሰው ይለቀቃል፤ የምትሮጠው ከሰዓት ጋር ነው። ማን እንደቀደመህ፣ ማንን እንደቀደምክ የሚነግርህ ከጎን የሚጮህ የራስህ ሰው ነው። የሚጮህልህ ከሌለ በጨለማ እንደመሮጥ ነው።

ከዚያ ሰሙ አለ። በዚህ ስልት ከስኪው ሥር፣ ከእግርህ መቆሚያ በታች፣ የሚይዝ ሰም ይቀባል፤ ስትረግጥ በረዶውን ቆንጥጦ ወደፊት ይገፋሃል፣ ስትለቀው ይንሸራተታል። የሰሙ ዓይነት በበረዶው ሙቀትና ርጥበት ይመረጣል። ጠዋት የሠራው ሰም ፀሐይ ስትወጣ ይከዳል። ከልክ በላይ ከያዘ ቁልቁለት ላይ ያስቆምሃል፤ ካልያዘ ዳገት ላይ ወደኋላ ትንሸራተታለህ፣ በክንድህ ብቻ ትጎተታለህ። ኖርዌይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሰለጠኑ ባለሙያዎች፣ በደርዘን የሚቆጠር ስኪና ሙሉ ክፍል አላት። ኢትዮጵያ የነበራት አንድ ተወዳዳሪ ነው፤ የካርኒቫሉ ዘመን ቡድን አሁን ከኋላው የለም።

ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ቼካዊው ሉካሽ ባወር ሁለተኛ፣ ጀርመናዊው ቶቢያስ አንገረር ሦስተኛ። ስማቸው በሰሌዳው ላይ ከወጣ በኋላም ጫካው ውስጥ ገና ብዙ ሰው ነበር። ከእነሱ ውስጥ የምንጠብቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በ30ዎቹ አጋማሽ ላይ ያለና ሁለት ኦሎምፒክ ያየ ኬንያዊ ነው። ሌላው የ31 ዓመት ጀማሪ ኦሎምፒያን፣ የኒው ሃምፕሻየር ዓርብና ቅዳሜ ያሳደገው።

ሮቤል ከ80ኛ ደረጃ ትንሽ ዝቅ ብሎ ገባ። ቦይት ከ90ኛ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ቀደመች!

ደረጃውን ሰምታችሁ ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ አልቆጣም። ግን አስቡት፤ ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ሳንባ አላቸው። የኦሎምፒክ ልምዱም፣ ሯጭነቱም ለቦይት ያደላል። ሮቤል የነበረው በልጅነት መጀመሩና ማኅበሩ ነው። ቦይት በአዋቂነቱ ከሩጫ ወጥቶ የተማረውን እሱ በወጣትነቱ በየሳምንቱ እየተሸነፈ ተምሮታል። ከ80ኛ ወዲያ ያለውን ርቀት ደግሞ ማን ፈጠረው ብትሉኝ፣ በተመረቀ ማግሥት የተለየው ቡድን ነው የምለው። በአንድ ሰው ፌዴሬሽን እስከ ኦሎምፒክ በር ይደረሳል። ከበሩ ወዲያ ያለው የብዙ ሰው ሥራ ነው።

በየካቲት 2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ባንዲራውን እንደገና ያዘ። አሁንም ብቻውን። 15 ኪሎ ሜትሩ ዊስለር በተባለው ስፍራ በነጻ ስልት ተደረገ፤ ስዊዘርላንዳዊው ዳሪዮ ኮሎኛ አሸነፈ፣ ሮቤል ከ90ኛ በኋላ ገባ። ዕድሜው 35 ሆኖ ነበር፤ ከኋላው የሚተካው ሌላ ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ስፖርት ክፍሎች ጋር አንድ ነገር መነጋገር እፈልጋለሁ። በረዶ አምጡ አልልም። ዳርትማዝና ጎረቤቶቹ ያላቸው ትልቁ ሀብት ግን በረዶ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ነው። በዓመት አንዴ ተሰባስቦ ለጥቂት ቀን ከመወዳደር ይልቅ፣ ቅርብ ለቅርብ ያሉ አምስት ስድስት ተቋማት በአንድ ወቅት በየሳምንቱ እየተዘዋወሩ ቢደጋገሱ፣ የወንዱንና የሴቱን ነጥብ ቢደምሩ፣ ትንሹን ኮሌጅ ከትልቁ ጋር አንድ መስመር ላይ ቢያቆሙ፣ የሚያስወጣቸው ወጪ የአውቶቡስ ናፍጣና የምሳ ነው። አገር አቋራጭ ሩጫ ለዚህ ይበቃል። ከኬራንዮ እስከ ቤተል፣ ከአየር ጤና እስከ እንጦጦ ዳገት ሞልቶናል።

ሩጫችንን ያነሡት የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ክለቦች እንደነበሩ እናውቃለን፤ አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ነበር። ክለብ ከሌለ አበበም የለም። ስኪው ላይ ክለቡ ያለው ኒው ሃምፕሻየር ነበር፣ ስለዚህ ልጁም የወጣው ከዚያ ነው።

በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተደረጉት ሦስት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያ አልተሰለፈችም። ከኋለኞቹ በሁለቱ ኤርትራ በቁልቁለት ስኪ ተወዳዳሪዋን ሻነን አበዳን አሰልፋለች።

ተፈጸመ